ያልታየ ቅድ

ቅርርር… ጠብ። ቅርርር… ጠብ።

ዓይኗን ሳትገልጥ አዳመጠችው። መቀስ ነው። ከግድግዳው ወዲያ፣ በሱቁ በኩል፣ ትልቁ የብረት መቀስ ጨርቅ እየበላ ይሄዳል፤ ትንሽ ይሄድና ጫፉን ከጠረጴዛው ላይ ያነሳል፣ ከዚያ መልሶ ጠብ ያደርገዋል። አልጋዋ ላይ እንደተጋደመች ፈገግ አለች። «ፔዳል ነው» አለች በሆዷ። ታናሽ ወንድሟ መቀስ ሲይዝ ድሮም እንዲህ ነው። ስንት ጊዜ ነግራዋለች! «የታችኛው ስለት ከጠረጴዛው አይለቅም፤ ይንሸራተታል እንጂ አይራመድም። መቀስ እኮ እግር የለውም!» እሱ ግን ስቆ ያልፈዋል። መቀስ የሱ ሥራ አይደለማ። እሱ የስፌት መኪና ሰው ነው።

«ገበር እየቆረጠ ይሆናል» ብላ በጎኗ ልትገላበጥ ፈለገች። መፈለግ ብቻ ሆነ። መጀመሪያ በግራ እጇ ቀኝ እጇን አንስታ ሆዷ ላይ ማስቀመጥ አለባት፤ ያለዚያ ከጀርባዋ ይቀርና ይታጠፋል። ስምንት ወር ሞላው፤ ጠዋት ጠዋት ግን አሁንም ትረሳዋለች።

የሰፈሩ ሰው በስሟ አይጠራትም፤ «መቀሷ» ነው የሚላት። አባታቸው ሱቁን ለሁለቱ ጥሎላቸው ሲሞት እሷ ሃያ አንድ፣ ወንድሟ ደግሞ አሥር ዓመቱ ነበር። ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እግሩ አየር ላይ እየተንጠለጠለ የመኪናውን ፔዳል በጣቱ ጫፍ ይፈልግ ስለነበር፣ ያወጣችለት ቅጽል ተለጥፎበት ቀረ። ይኸው እስካሁን፣ ሚስት አግብቶ ልጆች ወልዶም፣ ፔዳል ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት እሷ ቆረጠች፣ እሱ ሰፋ። የቆረጠችውን ጠቅልላ በሱቁ ማዶ ስትወረውርለት ቀና ሳይል ይቀልበዋል። ገልጦ አይመረምርም፣ አይለካም፤ እጅጌውን ከትከሻው አገናኝቶ ይሰፋዋል፣ ልክ ይመጣል። በሁለቱ መካከል የነበረው መተማመን ይሄ ነበር፤ ሌላ ወሬ አያስፈልጋቸውም።

ከስምንት ወር በፊት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ጠረጴዛው ላይ እንዳጎነበሰች የምታሰምርበት የሳሙና ስባሪ ከእጇ አመለጣት። ላንሳው ብላ ዘንበል ስትል ራሷም ተከተለችው። ሐኪም ቤት «ስትሮክ ነው» አሉ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኛች። ስትወጣ ቀኝ እግሯ ይጎተታል፣ አፏ በአንድ በኩል ወርዷል፣ ምላሷ ቃል ይከብደዋል። ቀኝ እጇ ደግሞ፣ ያ ሐር ከላዩ ላይ ክር ሳይመዝ የሚቆርጥ እጅ፣ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ከትከሻዋ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። «አደራ ብለው ሰጥተውኝ ባለቤቱ ሳይመጣ የቀረ ዕቃ» ትለዋለች ስትቀልድ። ሰው ይስቅላታል። እሷ አትስቅም።

ለአንድ ወር ያህል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ከዚያ አንድ ቀን ተነሳችና በግራ እጇ ጋዜጣ መቁረጥ ጀመረች።

መቀሱ ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው። በግራ ሲያዝ ስለቱ መስመሩን ይጋርደዋል፤ ጨርቁንም ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም። አውራ ጣቷን ወደ መዳፏ እየሳበች ስለቱን ከስለቱ ማጣበቅ ለመደች፤ ጣቷ ቆሰለ፣ ደረቀ፣ እንደገና ቆሰለ። ጋዜጣው ሲሰለቻት አሮጌ አንሶላ፣ አንሶላው ሲያልቅ የወንድሟን የተጣለ ሸሚዝ። የማይረባ ቀኝ እጇን በግራ እጇ አንስታ ጨርቁ ላይ ትጥለዋለች፤ እንደ ካውያ ከብዶ ይይዝላታል። ለዚህ እንኳ ይሁን ብላ። በኋላ ሌላም ዘዴ አገኘች፤ የወረቀት ልኩን ገልብጣ ስታስቀምጠው ጠርዙ ወደ ግራ እጇ ይዞርላታል፣ መስመሩም ይታያታል። የሰው ልብስ ግራና ቀኙ አንድ ስለሆነ መገልበጡ ምንም አላመጣባትም።

ከሁለት ወር በፊት «ልቁረጥ» አለችው ወንድሟን። እሱም «ቁረጪ እትዬ» አላት። ቆረጠች። የነርሶቹ ገዋን መጣ፣ ቆረጠች። የጎረቤቷ ቀሚስ፣ የሱሪ፣ የሸሚዝ ሥራ፣ ሁሉንም ቆረጠች። የተሰፋው ሲሰቀል ቀና ብሎ ይታያል፤ ደንበኛው ለብሶት ስቆ ይሄዳል። ማታ ማታ የቆሰለ ጣቷን እየነፋች «አለሁ» ትላለች ለራሷ። «አለሁ እኮ።»

ግን አንድ ነገር ሆዷን ይበላት ነበር። ያ ሁሉ ቀላል ሥራ ነው። የእጅ ፈተናው የሚዛኑ ኮት ነው።

ሚዛኑ የሚሏቸው የሒሳብ መምህሩን ነው፤ በሌሉበት ነው ታዲያ። የግራ ትከሻቸው ከቀኙ አንድ ጣት ተኩል ዝቅ ይላል። የሌላ ልብስ ሰፊ ኮት ሲለብሱ በሚስማር ላይ የተሰቀለ ይመስላል። የመቀሷን ሲለብሱ ግን ቀጥ ይላሉ። እንዴት እንደምታደርገው ለማንም ነግራ አታውቅም፤ የግራውን ፊት ለብቻ፣ የቀኙን ለብቻ ትቆርጣለች፤ ጉድለቱን ጨርቁ ውስጥ ትደብቀዋለች። መምህሩ አዲስ ኮት አሰፋለሁ ብለው ጨርቅ ይዘው ሲመጡ ወንድሟን ጠራችው።

«ስማ፣ ይሄን እኔ ነኝ የምቆርጠው።»

«እሱን እንኳ ተይው እትዬ። ከባድ ጨርቅ ነው።»

«ከባድ ስለሆነ ነዋ። ልክ ከመጣ ጠረጴዛው የኔ ነው፣ እስክሞት ማንም አያስነሳኝም። ካልመጣ መቀሱን በገዛ እጄ አስቀምጣለሁ፤ አንተም ጤነኛ ቆራጭ ትፈልጋለህ። ይሄን ባፈርስ ያባቴ አጥንት ይፋረደኝ!»

«ልክ ይመጣል» አለ ወንድሟ ቶሎ። ቀና ብሎ አላያትም፤ ክር ለማስገባት የመርፌውን ቀዳዳ ይፈልግ ነበር።

ግማሽ ቀን ፈጀባት። ላቧ ጨርቁ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሯን በትከሻዋ እየጠረገች ቆረጠችው። ስትጨርስ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ምላጭ እንደቆረጠው ለስላሳ ነው። በዚያን ቀን ያለቀሰችበትን ዘመን ሁሉ ረሳች። ይህ የሆነው የዛሬ ሦስት ቀን ነው።

ዛሬ መምህሩ ኮቱን ሊለኩት ይመጣሉ። የመቀሱ ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ ጸጥ ሲል ተነሳች። ፊዚዮቴራፒስቷ እንዳዘዘቻት ከመስታወቱ ፊት ቁጭ ብላ የፊቷን ስፖርት ጀመረች። ጉንጭ መንፋት አሥር ጊዜ፣ ጥርስ ማሳየት አሥር ጊዜ። «ለማን ነው የምስቀው እቴ» ትላለች ዘወትር፤ ዛሬም አለች። በመስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ አብራት ጥርሷን አሳየች። የአፏ ቀኝ ጫፍ አልነሳም ብሎ ተንጠለጠለ።

አይ፣ ቀኝ ነው እንዴ?

አስተውላ አየች። ለራሷ ቀኟ ነው። ያቺ ሴትዮ ከመስታወቱ ወጥታ አጠገቧ ብትቆም ግን የወረደው ግራዋ ይሆናል። ተገልብጣለችና። ግራዋ…

የነፋችው ጉንጭ ቀስ ብሎ ተነፈሰ።

ወረቀቱን ገልብጣዋለች። ለነርሶቹ እንደገለበጠችው፣ ለጎረቤቷ እንደገለበጠችው፣ የመምህሩንም የኮት ልክ ገልብጣ ነው ያስቀመጠችው። ዝቅ ያለው ትከሻ ወደ ቀኝ ሄዷል! የወረደው ትከሻቸው ላይ ኮቱ ሊቆም፣ የቆመው ላይ ሊያንቅ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት የቆረጠች ሴት፣ ግራና ቀኝ ጠፋባት። ሰውዬው ያን ኮት ለብሰው ሲቆሙ ታያት።

ብዙ ተቀመጠች። ከዚያ ቀሚሷን አስተካከለች፣ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አገኘች። «ራሴ እነግራቸዋለሁ» አለች። «ከመልበሳቸው በፊት። አጥፍቻለሁ፣ ጨርቅዎን አበላሽቻለሁ እላለሁ። ከዚያ መቀሱን አስቀምጣለሁ።» ይህን ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እግሯን እየጎተተች ወደ ሱቁ ገባች።

መምህሩ ከሷ ቀድመው ደርሰዋል።

«ኧረ መቀሷ! እንደምን አደርሽ?» አሉ ቆባቸውን እያወለቁ። «ዛሬስ ታቃኚኛለሽ ወይስ እንደተንጋደድኩ ልኑር?»

«መምህር፣ ከመልበስዎ በፊት አንድ ነገር…» ምላሷ ተያዘባት።

«ይልበሱት» አለ ፔዳል። ኮቱን ከመስቀያው አንስቶ ዘርግቶታል። «ከለበሱ በኋላ ታወሪያለሽ።»

«አይ፣ አሁን ነው…»

«ልልበሰው እንጂ፣ በብርድ ልትጨርሺኝ ነው እንዴ?» ብለው ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጡና እጃቸውን በኮቱ እጅጌ አስገቡ።

ዓይኗን ጨፈነች። የሚያንቀውን ትከሻ ላለማየት፣ የወንድሟን ፊት ላለማየት። የእጅጌው መንሿሿት ሲያበቃ ገለጠችው።

ኮቱ ገና በነጭ ክር ሸለል ተደርጎ የተያያዘ ነው። ግን በመምህሩ ላይ እንደ ውኃ ፈስሷል። ግራ ትከሻቸው የለም፤ ዝቅ ማለቱ የለም። ከመስታወቱ ፊት አንድ ቀጥ ያለ ሰው ቆሟል።

«ይገርማል» አሉ መምህሩ ቀስ ብለው። መስታወቱ ውስጥ ወደሷ አዩ። «ልንገርሽ? የታመምሽ ሰሞን አልቅሻለሁ። ላንቺ እንዳይመስልሽ ታዲያ፤ ለራሴ ነው። ማን ያቃናኛል ብዬ። ይቅር በይኝ።» ዘወር ብለው ግራ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት። «እጅሽ ተመልሷል ልጄ። እንኳን ደስ ያለሽ!»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። እንደምንም ፈገግ አለች፤ አንዱ የአፏ ጫፍ ብቻ ተነሳ።

መምህሩ ኮቱን አውልቀው፣ ቆባቸውን ደፍተው፣ ለሳምንት ተቀጣጥረው ወጡ። ፔዳል ወደ መኪናው ተመልሶ የአንዲት ነርስ እጅጌ መስፋት ጀመረ። እየሰፋ «አላልኩሽም?» አለ።

ኮቱን ጠረጴዛው ላይ አነጠፈችና በአንድ እጇ ውስጡን ገለበጠችው። እሷ የምታሰምረው በሳሙና ነው፤ ካውያ ሲነካው ይጠፋል። እዚህ ግን በትከሻው ስፌት ጎን ለጎን ሰማያዊ ጠመኔ አለ። ጠርዙን በጣቷ ሄደችበት። ጥርስ ጥርስ አለው፤ እንደ መሰላል። ትንሽ ሄዶ፣ ተነስቶ፣ እንደገና የተቀመጠ መቀስ።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

መኪናው ቆመ።

«አንተን ነው። ዛሬ ጠዋት ምን ነበር የምትቆርጠው?»

«ገበር።»

«ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።»

አላየም። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጸጉሩ ከጎንና ከጎን ሸብቷል። የተንጠለጠለ ክር ፈልጎ በጥርሱ በጠሰ። «የነርሷን እጅጌ» አለ በመጨረሻ። «ደግሜ እየቆረጥኩ ነበር።»

«ትናንት የቆረጥኩትን?»

«አዎ።»

«ኮቱንስ?»

«አዎ እትዬ።»

ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። «ስንቱን ነው የደገምከው?»

የበጠሰውን ክር ጣቱ ላይ ጠቀለለ።

«ሁሉንም?»

ተነሳና ከጨርቅ መደርደሪያው ሥር አንድ ጆንያ ጎትቶ አወጣ። ከፊቷ አስቀመጠው። «ልጥለው አልቻልኩም» አለ። «ካንቺ እጅ የወጣ ነገር ስለሆነ… አልቻልኩም። ተመሳሳዩን ጨርቅ ገዝቼ በማለዳ እመጣና በወረቀት ልክሽ እቆርጠዋለሁ። እንደገና እንድትተኚብኝ አልፈለግኩም። ያን ወር ታስታውሺዋለሽ? ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ? ከዚያ መቀስ ስትይዢ ሰው ሆንሽ። እንዴት ብዬ ልቀማሽ?»

ልትጮህ ነበር፤ ጩኸቱ ከየት እንደሚጀመር ጠፋት። ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ «አለሁ» ስትል፣ እሷ አልነበረችም። ደንበኛው ስቆ የወጣበት ልብስ ሁሉ፣ እሷ አልነበረችበትም።

«ዘርግፈው» አለች።

«እትዬ ባክሽ…»

«ዘርግፈው አልኩህ! እንደየተራው አስቀምጥልኝ። የመጀመሪያው ከወዲህ።»

ጠረጴዛው አልበቃ ብሎ ወለሉ ላይም ደረደረው። የመጀመሪያው ገዋን፣ አይጥ የቀረጠፈው ይመስላል። ራሷም አፈረችበት። ሁለተኛው ያው ነው። የጎረቤቷ ቀሚስ ወገቡ ጋ ሾልኳል። «ልክ ነህ፣ ይሄ አይሰፋም» አለች። ሱሪው ይሻላል። ሸሚዙ ከሱሪው ይሻላል። እየጎተተች ወደ ፊት ሄደች። ከአንድ ወር ወዲህ የተቆረጡት ጋ ስትደርስ ቆመች። ጎንበስ ብላ አንዱን እጅጌ አነሳች፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። ሌላ አነሳች። ቀጥ ያለ ነው። ሌላ። የመጨረሻዎቹን አሥር ቅዶች አንድ በአንድ ዳሰሰች፤ አንዳቸውም ላይ ነቀፋ አላገኘችም።

«ይሄ ምን ጎደለው?»

ወንድሟ ቀረብ ብሎ እጅጌውን ተቀበላት። ገለበጠው፣ ዘረጋው፣ በሁለት ጣቱ ለካው። ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ይሄስ? ይሄኛውስ? ለምንድነው የደገምከው?»

«እኔ… አላየሁትም እትዬ።»

«ምን ማለት ነው አላየሁትም?»

«ከመጀመሪያዎቹ በኋላ ገልጬ አላየሁም። ቆርጠሽ ስትሰጪኝ እንደተጠቀለለ ጆንያው ውስጥ…» እጅጌውን ቀስ ብሎ አጠፈው።

የሱቁ ግድግዳ ሲጠብ ተሰማት። እስካሁን የነገራት ሁሉ ካንጀቷ አልገባም ነበር፤ ይሄ ግን ገባ። ድሮም ሳያይ ነበር የሚቀበላት። ሳያይ ይቀልባል፣ ሳያይ ይሰፋል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ያላየው ስለሚያምናት ነው። ሁለት ወር ያላየው ደግሞ…

«ኮቴን አምጣው» አለች። «የቆረጥኩትን።»

ከጆንያው ሥር አወጣላት፤ እንደጠቀለለችው ነው፣ ያሰረችበት ክር እንኳ አልተፈታም። በጥርሷ ፈታችውና ሁለቱን ፊቶች ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«ምን ይታይሃል?»

አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። «ያምራል» አለ። «ቅዱ ያምራል እትዬ፣ ልክ እንደ ድሮው።»

«ተገልብጧል።»

«ምኑ?»

«ዝቅ ያለው ትከሻ በቀኝ ነው። በሁለት ወር ውስጥ አንድ የተበላሸብኝ ትልቅ ሥራ ይሄ ነው፣ አንተ አታውቀውም። ደህናዎቹንም አታውቃቸውም። እኔ ብቻዬን ነው ስሠራ የከረምኩት።»

«እትዬ፣ በመድኃኔዓለም…»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ኮቱ ልክ ካልመጣ አስቀምጣለሁ ብዬ ምያለሁ፣ አልመጣም። ያበላሸሁት ግን በጭንቅላቴ ነው፣ በእጄ አይደለም። እጄን እንድታየው እፈልጋለሁ። ካየህ በኋላ ቆራጭ ላምጣ ካልክ አምጣ እላለሁ፤ አልቀየምህም። ሳታየኝ ግን አታዝንልኝም። ተቀመጥ!»

ተቀመጠ። ጠረጴዛውን በክንዷ ጠረገችው። ለሌላ ነርስ የመጣውን ነጭ ጨርቅ ዘረጋች፣ ወረቀቱን አስቀመጠች፣ በሳሙናው አሰመረች። ቀኝ እጇን አንስታ ጨርቁ ላይ ጣለችው፤ አንዴ ተንሸራቶ ወደቀ፣ እንደገና አንስታ ጣለችው። ወንድሟ ሊያግዛት ብድግ ሲል «እንዳትነካኝ» አለችው፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። ከዚያ መቀሱን በግራ እጇ ያዘች።

ቀስ ብላ ነው የምትቆርጠው። ድሮ በአንድ ትንፋሽ የምትጨርሰውን አሁን አምስት ጊዜ ታርፍበታለች። ከአውራ ጣቷ ሥር ያለው ቁስል ተከፈተ፤ ደሙ ነጩን እንዳይነካው ጣቷን ወደ ላይ አነሳችና በተቀረው መዳፏ ገፋች። የታችኛው ስለት ከጠረጴዛው አልለቀቀም። አንገቱ ጋ ስትደርስ፣ እዚያ ቅዱ እንደ ግማሽ ጨረቃ የሚዞርበት ቦታ፣ መቀሱን ማዞር ስለማትችል ራሷ ጠረጴዛውን መዞር አለባት፤ እግሯን እየጎተተች፣ ሆዷን በጠረጴዛው ጠርዝ ደግፋ፣ በጥቂት በጥቂቱ ዞረች። አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ዓይኑን አልነቀለም። እንባው እስከ አገጩ ወርዷል፣ አይጠርገውም።

«እያየህ ነው?»

«እያየሁ ነው።»

ተመልሳ አጎነበሰች። የአንገቱን ዙር ጨርሳ ወደ ትከሻው ስትወርድ ወንበሩ ወለሉን ፋቀ። ቀና አላለችም፤ መስመሩ ላይ ናት። ጃኬቱን ከሚስማሩ ሲያወርድ ሰማችው። አንድ ክንዱን ሲያስገባ፣ ሁለተኛውን ሲያስገባ።

«ገና ነኝ እኮ» አለች። «ትከሻው ይቀራል።»

የጫማው ድምፅ ወደ በሩ ሄደ።

«ወዴት ነው?»

ስታይ በሩ ላይ ደርሷል። ጀርባውን ሰጥቷታል። በእጁ ከጆንያው የወጣ አንድ እጅጌ ይዟል፣ የቱ እንደሆነ አልለየችውም። ትንሽ ቆሞ ጠርዙን በጣቱ ሄደበት፤ ዞሮ ሊያያት ያፈረ መሰላት። ከዚያ ወጣ። የስፌት መኪናው መብራት እንደበራ፣ የጀመረው እጅጌ ላይ መርፌው እንደተሰካ ነው።